በባድሩ ስም የወጡ መስመሮች

መስኡዳ ልጇ ምን እንደምትሠራ ሲጠይቋት መልስ አጥታ አታውቅም፤ መልሱ ብቻ በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር። ሰሚሃ ሕግ ተምራ የወጣች ሰሞን «ዳኛ ናት» አለች። ልጅቷ «እማ፣ ዳኛ አይደለሁም» ብትላት፣ «ትሆኛለሽ» ብላ አፏን አስያዘቻት። በኋላ ሰሚሃ አዲስ አበባ፣ በስልክ ገንዘብ የሚያስተላልፍ ድርጅት ገባች። የኮምፒውተር ሌባ እንዴት እንደሚያዝ፣ የደንበኛ ምስጢር እንዴት እንደሚጠበቅ፣ አለቆቹም ራሳቸው በምን ደንብ እንደሚገዙ መጻፍ ሥራዋ ሆነ። ይህን ለእናቷ ቁጭ ብላ አስረዳቻት። መስኡዳ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችና በማግስቱ ሐይቅ ገበያ ሽንኩርቷን ዘርግታ፣ «ልጄ የማይታይ ሌባ ነው የምትይዘው» ብላ አወጀች። «የሚታየውንማ ውሻም ይይዘዋል!»

መስኡዳ ፊደል አልቆጠረችም። ፊደል የቆጠረ ሰው እንዲንቃት ግን አንድም ቀን ፈቅዳ አታውቅም። ከአምባሰል ተድራ ወደ ሐይቅ ስትወርድ ጥሎሿ ምላሷ ብቻ ነበር ይላሉ የሚያውቋት። ባሏ ሞተ፣ ጥርሷ ረገፈ፣ ምላሷ ግን እንደወረደች አለች። ታናሽ ወንድሟ ባድሩ እሷን ተከትሎ ወረደና፣ ተራራ ላይ ያደገ ሰው፣ ዋና እንኳ በቅጡ ሳይችል ዓሣ አጥማጅ ሆነ። «ዓሣው አዝኖለት ነው መረቡ ውስጥ የሚገባለት» ትላለች። ስትሰድበው ትውላለች፤ ሌላ ሰው ቢሰድበው ግን ወዮለት።

ወሬውን ያመጣላት አያሌው ነው። አያሌው የግንብ አጥር የሚጋራት ጎረቤቷ፣ የሰፈሩም የቅሬ ዳኛ ነው። ቅሬ ማለት ሞት ሲመጣ እስላሙንም ክርስቲያኑንም ባንድ ድንኳን የሚያስቀምጠው ማኅበር ነው፤ ዳኛው ደግሞ የሞተ ሳይኖር በር አያንኳኳም። ስለዚህ አያሌው ገና ከደጅ ሲገባ መስኡዳ ተነስታ ቆመች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተ። ባድሩን ወሰዱት።»

«ወዴት?»

«ጣቢያ። ሐይቁ ዳር መረብ ሲፈታ መጥተው ያዙት። እግሩን እንኳ አላደረቀም።»

«ምን አድርጎ?»

አያሌው ኮፍያውን አውልቆ አገላበጠው። «በስልክ ሰው አጭበርብሯል ነው የሚሉት። እየደወለ፣ ‹ከድርጅቱ ነኝ፣ የምስጢር ቁጥርህን ንገረኝ› እያለ ገንዘብ ወስዷል ነው የሚሉት።»

መስኡዳ ሳቅ ብላ ተቀመጠች። «ባድሩ? ስልክ ሲጠራበት ተነስቶ የሚቆመው ባድሩ? ‹ሃሎ› ለማለት ጉሮሮውን ሲጠርግ መስመሩ የሚዘጋበት ባድሩ ነው ሰው አታሎ የወሰደ? አይ አያሌው፣ ሰው ተሳስተዋል። አብሽር። ለዚህ ለዚህ ነው ልጅ የወለድኩት።»

ወዲያው ደወለች። «ሰሚሃ፣ ያ የምትይዢው የማይታይ ሌባ አጎትሽ ነው አሉ። ነይና ልቀቂው።»

ሰሚሃ በማግስቱ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል በሚኒባስ ደረሰች። ጥቁር ኮት ለብሳለች፤ ያንን ኮምፒውተሯን በቦርሳ አንግታለች። መስኡዳ ኮቱን ባየች ጊዜ ልቧ ሞላ። ጣቢያው በእግር የሚደረስ ቢሆንም ባጃጅ አስቆመች፤ ሾፌሩንም በገበያው በኩል አዙሮ እንዲወስዳቸው አዘዘችው፤ ሰው እንዲያይ። «ልጄ ናት» አለችው ሾፌሩን፣ ሳይጠይቃት። «ወንድሜን ልታስፈታ ነው የመጣች። ቀስ ብለህ ንዳ።»

ጣቢያ ውስጥ መርማሪው ትሁት ወጣት ሆኖ ተገኘ። ወንበር ሰጣቸው። መዝገቡን ገልጦ ለሰሚሃ ሰጣት። ሰሚሃ የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች። ሁለተኛውን ልትገልጥ እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። መዝገቡን ዘግታ ወደ ሰውየው ገፋ አደረገችለት።

«ይቅርታ፤ ከዚህ በላይ ማየት አይገባኝም» አለችና ተነስታ ወጣች።

መስኡዳ ልጇን ተከትላ ሮጠች። በሩ ላይ ቀሚሷን ያዘቻት። «ምንድነው? ምን አለ ወረቀቱ?»

«ከሳሹ የኔ መሥሪያ ቤት ነው፣ እማ።»

«እሰይ! እንግዲያው ተገላገልን። ደውይና ‹አጎቴ ነው› በያቸው።»

«እሱን ነው የማልችለው። አጎቴ ስለሆነ ነገሩን ልነካው አልችልም። ዛሬውኑ ጽፌ ‹ተከሳሹ ዘመዴ ነው› ብዬ ማስታወቅ አለብኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ የሚባለውን አልሰማም፣ አልጠየቅም፣ አልናገርም።»

መስኡዳ አፏን ከፍታ አየቻት። «ባዳ ቢሆንስ?»

«ባዳ ቢሆን መዝገቡ በእጄ ነበር። የጎደለውን አይ ነበር።»

«ቆይ፣ ቆይ። ባዳ ቢሆን ትረጂው ነበር፤ የናትሽ ወንድም ስለሆነ አትረጂውም። በየአገሩ ሰው ወንድሙ ስለሆነ ነው የሚረዳ! ያን ሁሉ ዓመት በርበሬና ሽንኩርት እየሸጥኩ ያስተማርኩሽ ይሄን ልትማሪልኝ ነው?»

ባጃጁ እየጠበቀ ነበር፤ መስኡዳ ግን በእግሯ ሄደች፤ በገበያው በኩልም አላለፈችም።

ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ግልጽ በመሆኑ ነው የከፋው። የተሰረቀበት ስልክ መስመሩ በባድሩ ስም የወጣ ነው። ባድሩም አልካደ። በባድሩ ስም ያልወጣ መስመር በሰፈሩ ቢፈለግ ነው የሚታጣ።

በጦርነቱ ጊዜ ከሰሜን የተፈናቀለ ሕዝብ ሐይቅን ሲሞላት፣ ሰዉ መታወቂያውን ከቤቱ ጋር ጥሎ ነበር የመጣው። መታወቂያ የሌለው ሰው መስመር አይሰጠውም፤ መስመር የሌለው ሰው ደግሞ የጠፋ ልጁን አያገኝም። ባድሩ መታወቂያውን ይዞ ሱቅ ሄደና አሻራ የሚወስደው ማሽን ላይ ጣቱን አሳረፈ። ለአንዱ አወጣ፣ ለሌላው አወጣ። ከዚያ ጎረቤቱም መጣ፣ የጎረቤቱም አማት መጣች። መስኡዳም መጣች፤ እሷ መታወቂያ ነበራት፤ ግን ዕድሜ ልኳን አፈር የቆፈረ፣ ሽንኩርት የላጠ ጣቷ ልስልስ ብሎ አልቆ ማሽኑ አላውቅሽም አላት። «የእኔን ያውቀኛል» አለ ባድሩ፣ በኩራት። ሱቁ ያለው ልጅ «ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ መስመር ምን ሊያደርግልዎ ነው?» ሲለው፣ «ዋስ መሆን ነው እንጂ ሌላ ምን ነው?» ብሎ መለሰለት።

ባድሩ ዋስ መሆን ያውቅበታል። ለበሬ ሻጭ ዋስ ሆኗል፣ ሚስቱን ለደበደበ ባል ዋስ ሆኗል፣ ከታረቁ በኋላ ደግመው ለተጣሉ ወንድማማቾች ዋስ ሆኗል። ዋስ የሆነለት ሰው ቢያጠፋ ሽማግሌ ይጠራል፣ ባድሩ ፊት ቀርቦ አጥፊው ያፍራል፣ ነገሩ ባንድ ዱዓ ያልቃል። ማፈር የሌለበት ዋስትና እንዳለ ማን ይነግረዋል?

ከጣቢያ በተመለሱበት ማታ የቅሬው ሽማግሌዎች መስኡዳ ቤት ተሰበሰቡ። ጠዋት ሁሉም በነቂስ ወጥተው «ለባድሩ ዋስ እንሁን» ብለው ጣቢያ ሄደው ነበር፤ «ጉዳዩ በምርመራ ላይ ነው፣ ዋስትና ተከልክሏል» ተብለው ተመለሱ። አሁን ሌላ መላ ይዘው መጡ። አያሌው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሰሚሃ ልጄ፣ እኛ የምናውቀው አንድ መንገድ ነው። የተበደለውን አምጭልን፤ እግሩ ላይ እንውደቅ፣ ካሳ እንካስ፣ እናስታርቅ።»

«የተበደለው ድርጅት ነው፣ ጋሽ አያሌው።»

«ድርጅት ባለቤት የለውም?»

«ባለ ብዙ ባለቤት ነው። ከበላዩ ደግሞ የሚያዝበት ቦርድ አለው።»

«ይህ ቦርድ የሚባለው ሽማግሌ አይፈራም? እስላም ከሆነ ሸሆቹን እንልካለን፤ ክርስቲያን ከሆነ ከእስጢፋኖስ ገዳም መነኮሳቱን አስነስቼ በእግሬ ይዣቸው እሄዳለሁ።»

ከወደ ጥግ የተቀመጡት ሳቁ። ሰሚሃ አልሳቀችም። «ሰዎች ናቸው ጋሽ አያሌው፤ ሲፈሩም ሲያዝኑም ያውቃሉ። ግን እርቅ እንዳይቀበሉ ደንብ አለባቸው። ክስ ከተመሠረተ በሽማግሌ አይነሳም።»

መስኡዳ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ቆይታ ብቅ አለች። «እርቅ የሚከለክል ደንብ? የትኛው የሸይጧን ልጅ ነው ይሄንን የጻፈ?»

ሰሚሃ ወደ ምንጣፉ እያየች፣ «እኔ ነኝ፣ እማ» አለች።

አንድ ሰው ሳል ሳለ። መስኡዳ መጀመሪያ የሰማችውን አላመነችም፤ ኋላ የተናገረችውን አሰበችና ራሷን ጨበጠች።

ሰሚሃ ቀስ ብላ ተናገረች። እሷ ስትገባ ድርጅቱ ውስጥ የአለቃ ዘመድ የሰረቀ እንደሆነ ሽማግሌ ይላክ፣ ነገሩ ይሸፈን፣ የተሰረቀባት ድሃ ግን አልቅሳ ትቀር ነበር። አንዲት ከገጠር የመጣች መበለት በሯ ላይ ሦስት ቀን ተቀምጣባታለች። ከዚያ በኋላ ነው ሰሚሃ ቦርዱ ፊት ቆማ፣ ዘመድ በዘመዱ ጉዳይ እንዳይገባ፣ ክስም በምልጃ እንዳይሻር ተሟግታ ያስጸደቀችው። «አጨበጨቡልኝ» አለች። «ላንቺም ደውዬ ነግሬሽ ነበር። ‹ማሻአላህ› ብለሽኛል።»

ብላለች። መስኡዳ አስታወሰች፤ ያን ቀን ገበያው ሁሉ ሰምቶላታል። ደንቡ መጥፎ ቢሆን ልጇን ትረግማት ነበር፤ ቢያንስ የሚረገም ይኖራል። ደንቡ ግን ደግ ነበር። የመበለቲቱ ዕንባ የጻፈው ደንብ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከወዴት ተይዞ ይጎተታል?

«ሥራውን ልቀቂው» አለቻት ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ። «ልቀቂና ቁሚለት።»

«እኔ ብለቅ እሱ አይለቀቅም። በኔ ወንበር የሚቀመጠውም ያንኑ ነው የሚያነበው። ደሴ የማውቀው ጥሩ ጠበቃ አለ፤ አነጋግሬዋለሁ። እሱም ቢሆን አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ያንን መስመር አጎቴ ለማን ነበር የሰጠው? ተቀባዩ ከታወቀ...» አቋረጠችና እናቷን አየች። «ለጠበቃው ነው የሚነገረው። ለኔ እንዳትነግሪኝ፣ እማ። ስሙን ከሰማሁ ዝም ማለት አልችልም፤ ማስታወቅ ግዴታዬ ነው።»

«እኔና አንቺም አናወራ በይኛ!»

«ስለዚህ ጉዳይ... አዎ።»

በማግስቱ መስኡዳ ለባድሩ ምሳ ይዛ ጣቢያ ሄደች። ባድሩ ከስቷል። በባዶ እግሩ ነው፤ የተያዘበት ቀን ጫማው ሐይቁ ዳር ቀርቶ ነበር። ምሳውን ከመቅመሱ በፊት ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ዑምኩልሱምን እንዳታነሷት።»

መስኡዳ ያን ጊዜ ነው የገባት። ዑምኩልሱም በጦርነቱ ጊዜ ከሰሜን ሸሽታ፣ ጡት የምትጠባ ልጇን ሪታጅን ይዛ የመጣች ሴት ናት። ያስጠጋት መስኡዳ ራሷ ነበረች፤ ክረምቱን ሙሉ ባንድ ቤት ከርመዋል።

«የሷ ነው መስመሩ?»

«አማና ነው። ከኛ ቤት የተጠጋን ሰው እኔ አስይዤ፣ ምን ብዬ ነው የምሰግደው?»

«አንተስ እዚህ ልትበሰብስ ነው?»

«ይጣራል፣ ኢንሻአላህ። ማሽኑ እኔን ያውቀኛል አላልኩሽም?» ብሎ ፈገግ አለ፤ ቀልዱ ግን ለራሱም አልጣመው።

መስኡዳ እሺ ብላው ወጣች። እሺ ማለቷ ውሸት ነው። ከጣቢያው በቀጥታ ዑምኩልሱም ወዳለችበት፣ ወደ ወልድያ መውጫ ነው የነጎደችው። ሴትየዋ አሁን መንገድ ዳር ዓሣ ጠብሳ ለመንገደኛ ትሸጣለች። መስኡዳ መንገዱን ሙሉ የምትላትን ስታዘጋጅ ሄደች፤ በነጠላዋ አንቆ ጣቢያ መጎተት ድረስ አስባለች። ወንድሟ ነዋ!

«ያ ባድሩ ያወጣልሽ መስመር የታለ?» አለቻት፣ ሰላምታ ሳትሰጥ።

ዑምኩልሱም መጥበሻዋ ላይ እንዳጎነበሰች ቀና አለች። «እማ መስኡዳ! ምነው? ያማ ከስልኩ ጋር ሄደ።»

«ወዴት ሄደ?»

«ሸጥኩታ። ሪታጅ ታማ መድኃኒት ያጣሁ ጊዜ፣ ቢስቲማ ገበያ ወስጄ ላገኘሁት ሰው ሸጥኩት።»

«መስመሩን ከስልኩ ሳታወጪ?»

«ማውጣት እንዳለበት ማን ነገረኝ? በሬ ሲሸጥ ገመዱ አብሮ ይሄድ የለ?»

«ለማን ነው የሸጥሽው?»

«ኧረ ምኑን አውቄ! ልጄ እንደ ፍም እየነደደች እኔ የሰው መልክ አያለሁ?»

መስኡዳ ነገረቻት። የባድሩን መያዝ ነገረቻት፣ ዋስትና መከልከሉን ነገረቻት፣ በባዶ እግሩ መሆኑን ነገረቻት። ዑምኩልሱም አላለቀሰችም። ሽርጧን ፈታች። እጇን ታጠበች። ሪታጅን ጠርታ ፊቷን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገችላት። ከዚያ ልጅቷን አዝላ ቆመች።

«ወዴት ነው?» አለቻት መስኡዳ።

«ስሜን ልስጥ። እሳቸው መስመር ባወጡልኝ እኔ እስር ቤት ላስገባቸው?»

ይሄው፤ የመጣችበት ጉዳይ በእግሩ ቆሞ ነበር። ሳይጎተት፣ ሳይታነቅ። መስኡዳ መንገድ መልቀቅ ብቻ ነበረባት። ግን አሰበች። ይቺ ሴት ብትገባ ባድሩ ይወጣል? መስመሩ እንደሆነ ዛሬም በባድሩ ስም ነው። ገዢውን አታውቀው፤ መልኩን አላየች። እስር ቤቱ አንድ ሰው ይጨምራል እንጂ ይቀንሳል ያለ የለም። ይቺስ ልጅ? ከቤቷ ያሳደዳት ጦርነት ሳያንስ፣ ተጠጋችበት የተባለው ቤት ራሱ መልሶ ያሳድዳት?

ዘይቱ መጤስ ጀመረ።

«ተቀመጪ» አለች መስኡዳ፣ ድምጿ እሷኑ አስደነገጣት። «ዓሣሽ እያረረ ነው።»

ቤት ስትደርስ ሰሚሃ ቦርሳዋን አዘጋጅታ ጠበቀቻት። አለቆቿ ቀርባ ስለ ዝምድናው እንድታስረዳ ጠርተዋታል። እናትና ልጅ ተያዩ። ሰሚሃ የእናቷ ነጠላ የዓሣ ጢስ ጢስ እንደሚል አወቀች፤ ከየት እንደመጣች አልጠየቀችም። መስኡዳም አልነገረቻት።

«በልተሻል?» አለች መስኡዳ።

«በልቻለሁ።»

ሐሰት ነው፤ አልበላችም። መንገድ ድረስ ሸኘቻትና ሚኒባሱ እስኪታጠፍ ቆማ አየችው።

ከዚያ በኋላ ባድሩን ወደ ደሴ አዛወሩት። መስኡዳ ጫማውን ይዛ ብትደርስ መኪናው ሄዷል። ጫማውን በእጇ እንደያዘች ለሰሚሃ ልትነግር ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ምንም ድምፅ የለውም። ነቀነቀችው። አጠፋችና አበራችው። እንደ ድንጋይ ዝም አለ።

ወደ ሰፈሯ ስትመለስ የሰፈሩ ሰው ደጅ ደጁ ላይ ቆሟል። አንዱ ስልኩን ወደ ሰማይ ያነሳል፣ ሌላዋ ባትሪውን አውጥታ በቀሚሷ ትጠርጋለች። መስመሮቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተዘግተው ነበር፤ በባድሩ ስም የወጡት ሁሉ። አንዲት የተፈናቀለች አሮጊት ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ጅዳ ያለችው ልጇ የምታውቀው ያንን ቁጥር ብቻ ነው።

መስኡዳ ሱቅ ሄደች። ልጁ ማሽኑን አቀረበላትና አውራ ጣቷን አሳረፈች። አላወቃትም። ሌላውን አለች። አላወቃትም። አሥሩንም አዳረሱ። ጣቷን በምራቋ አርጥባ፣ በቀሚሷ ጠርጋ ደገመችው።

«እማማ፣ በስሙ የሚያወጣልዎ ሰው ይፈልጉ እንዳልል፣ አሁን ተከልክሏል» አለ ልጁ። «ቢፈቀድስ ማን ይደፍራል ብለው ነው?»

አያሌው የራሱ መስመር አለው፤ በራሱ ስም የወጣ። መስኡዳ በሩ ላይ ቆመች። የሰው ስልክ ተቀብላ ስትደውል፣ የሷንም ተቀብለው ሲደውሉ ኖረዋል፤ ለዚህ ‹እባክህ› የሚባል ቃል ሰፈሩ አያውቅም።

«አያሌው፣ ስልክህን ስጠኝ። ለሰሚሃ ልንገራት።»

አያሌው ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ሊሰጣት የዘረጋው እጁ ግን መሃል ላይ ቀረ። ስልኩን አየ፣ እሷን አየ፣ እንደገና ስልኩን አየ። ፊቱ ቀላ።

«እኔ ልደውልልሽ፣ እትዬ» አለ። «ቁጥሩን እኔ ልምታልሽ።»

የልጇን ቁጥር መታና ስልኩን ከእጁ ሳይለቅ ጆሮዋ ላይ ለጠፈላት። ጣቶቹ ጉንጯን ነኩት። መስኡዳ በሌላ ቀን ቢሆን እጁን መትታ ትነጥቀው ነበር፤ ስድቡም ምላሷ ጫፍ ደርሷል። አልሰደበችውም። አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ በሰው እጅ ላይ እንዳለች ጠበቀች።

«ሃሎ? ማን ልበል?» አለች ሰሚሃ።

«እኔ ነኝ። ወደ ደሴ ወስደውታል። ጫማውን ሳላደርስለት።»

«እማ፣ እኔ... ጠበቃው ነገ ያየዋል። አይቶት ሲወጣ ይደውልልሻል።»

«በየቱ መስመር?» አለች መስኡዳ።

አያሌው ክንዱ ዝሎ ስልኩን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረና መልሶ ጆሮዋ ላይ ያዘላት።